ዓይን ያወጣ፣ ፀሐይ የሞቀው፣ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ፦ በግልጽ የሚታይን ነገር በተገቢው ፈሊጥ ለመግለጽ

አንድ ነገር ማንም ሊስተው በማይችል ሁኔታ መታየቱን ለመናገር አማርኛ በርካታ ፈሊጦች አሉት። ብዙ ጸሐፊዎች ግን እነዚህን ፈሊጦች እንደ ተመሳሳይ ቃላት ቆጥረው አንዱን በሌላው ይተካሉ፤ ዐረፍተ ነገሩም ያላሰቡትን ነቀፋ ይሸከማል፣ ወይም ሊኖረው የሚገባውን ቁጣ ያጣል። ፈሊጥ ከመምረጥዎ በፊት ነገሩ ለምን እንደታየ ራስዎን ይጠይቁ፦ በራሱ ጎልቶ ነው፣ አድራጊው ማፈር ስለተወ ነው፣ ወይስ ሊደበቅ ተሞክሮ ስላልተቻለ?

በስሕተት ከሚነገሩት ሁሉ ግንባር ቀደሙ «ዓይን ያወጣ» የሚለው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያደገ የእኅቴ ልጅ ለፋሲካ ቤት ሲመጣ፣ አክስቱ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ተቀበለችው። ልጁ ከልቡ ተደንቆ «አክስቴ፣ ቀሚስሽ ዓይን ያወጣ ነው!» አላት። እሷም ጥለቱን በጣቶቿ እንደያዘች «ምነው የኔ ልጅ፣ ምን አጠፋሁ?» ብላ ቀረች። ልጁ ማለት የፈለገው «ዓይን ይስባል» ነበር። ቀሚሱን ቢመኘው ኖሮ ደግሞ «ዓይኔ ገባ» ማለት ይችል ነበር። «ዓይን ያወጣ» ግን የሚነገረው ኀፍረት ስለሌለበት ጥፋት ብቻ ነው፤ ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ዓይን ያወጣ ሌብነት፣ ዓይን ያወጣ አድልዎ እንላለን። ድርጊቱ «ዓይን ያወጣ» ሲባል ሰውየው ደግሞ «ዓይን አውጣ» ይባላል። «ዓይኑን በጨው አጥቦ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሆኖም ከግስ ጋር ስለሚሄድ «ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ» ተብሎ ይጻፋል። ውበትን፣ ስኬትን ወይም የሚያስደስትን ነገር ለማጉላት ሦስቱንም አይጠቀሙ።

«በጠራራ ፀሐይ» የሚለውም ነቀፋ አዘል ነው፤ የሚያጎላው ግን ሰዓቱንና ድፍረቱን ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ጥላ ከእግር ሥር ሲያጥርና መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ሌባ የሚሸሸግበት ጨለማ የለውም። በዚያ ሰዓት የሚዘርፍ ሰው መታየቱን ከምንም አልቆጠረም ማለት ነው፤ የፈሊጡም ኃይል ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ «በጠራራ ፀሐይ ተዘረፍን» የሚለው አባባል ለማጭበርበርም ሆነ ለክህደት ይሠራል። ሌሊት በመስኮት ገብቶ ስለተፈጸመ ስርቆት በሚጻፍ ዘገባ ውስጥ ግን ይህን ፈሊጥ ማስገባት አንባቢውን ስለሚያደናግር፣ ቢቀር እመርጣለሁ። ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ፦ «እጅ ከፍንጅ» የሚለው የመያዝን ቅጽበት እንጂ የድርጊቱን ግልጽነት አይናገርም። በጠራራ ፀሐይ የዘረፈ ሁሉ እጅ ከፍንጅ አይያዝም።

ነቀፋ ሳያስገቡ ግልጽነትን ብቻ መናገር ሲፈልጉ «ፍንትው ያለ»፣ «ቁልጭ ያለ» እና «ወለል ብሎ የሚታይ» የሚሉትን ይጠቀሙ። ጨረቃ ፍንትው ብላ ትወጣለች፤ ፎቶግራፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በር ወለል ብሎ ይከፈታል። እውነትም ፍንትው ሊል፣ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ሊወጣ፣ ከኮረብታ ላይ የሚታይ ሜዳ ወለል ሊል ይችላል። «ያፈጠጠ ያገጠጠ» ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ማፍጠጥ የዓይን ነው፤ ማግጠጥ ደግሞ የጥርስ፣ ከዚያም አልፎ በክሳት ሳቢያ ከቆዳ ሥር ብቅ ብቅ ያለ አጥንት ነው። ይህን ምስል ይዞ የሚመጣ ፈሊጥ ለችግር፣ ለረኀብና ሊያዩት ለማይፈልጉት እውነት የተገባ ነው። «ያፈጠጠ ያገጠጠ ደስታ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቋንቋውን አልሰማውም።

«ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው» ስለ ነገሩ መልክ ሳይሆን ስለሚያውቀው ሕዝብ ብዛት ይናገራል። አንዳንዱ «አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው» ብሎ ቢገለብጠውም ትርጉሙ አይለወጥም፤ ከኋላው ብዙውን ጊዜ «ጉዳይ»፣ «ሐቅ» ወይም «ምስጢር» ይከተለዋል። ከ«የአደባባይ ምስጢር» ጋር ያለውን ልዩነት እንዲጠብቁ አጥብቄ እመክራለሁ። የአደባባይ ምስጢር ሁሉም የሚያውቀው፣ ሆኖም ጮክ ብሎ ለመናገር የሚፈራው ወይም የሚያፍርበት ነገር ነው፤ ፀሐይ የሞቀው ግን ከአፍ አፍ ተቀባብሎ ያለቀ፣ ማንም የማይፈራው ወሬ ነው። በአቤቱታም ሆነ በዜና ጽሑፍ ውስጥ ይህን ፈሊጥ በማስረጃ ቦታ አያስቀምጡ፤ አገር ያወቀው መሆኑን መናገር ነገሩን ማረጋገጥ አይደለም።

ሊደበቅ ተሞክሮ ላልተቻለ ነገር «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» የሚለውን የሚስተካከል አላውቅም። ግመል ከሻኛው ጋር ከ2 ሜትር የማያንስ እንስሳ ነው። ሌባው ገመዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ እሱ ከቁጥቋጦው ሥር ቢሰወርም፣ የግመሉ አንገት ከቁጥቋጦው በላይ እየተወዛወዘ ይከተለዋል። የፈሊጡ ኃይል ያለው በዚህ ነው፤ ሰውየው ራሱን ደበቀ እንጂ የሰረቀውን አልደበቀም። ስለዚህ የሚሠራው ሁለቱ ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ ጥፋቱ ግዙፍ፣ መሸሸጊያው ደግሞ ኢምንት መሆን አለበት። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አጉድሎ አንዲት ደረሰኝ የቀደደ ሒሳብ ሠራተኛ ግመል ሰርቆ አጎንብሷል። ሳይደበቅ በግላጭ የወሰደ ግን ዓይን አውጣ እንጂ አጎንባሽ አይደለም። ፈሊጡን ማብራራት አያስፈልግም፤ «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ!» ብሎ መተው ይበቃል።

የከተማ ወጣቶች ለዚሁ ጉዳይ «ነቃ» ከሚለው ግስ ያወጡት ቋንቋ አላቸው። ምስጢሩ ከፊቱ የሚነበብበትን ጓደኛ «አታስነቃ!» ይሉታል፤ ዘዴው ከታወቀበት «ተነቅቶብሃል» ይባላል፤ ያወቀው ሰው «ነቄ ነኝ» ይላል። እነዚህን በንግግር ውስጥና በልቦለድ ገጸ ባሕርያት አፍ ላይ እንጂ በደብዳቤ አይጻፉ። በዚያ ቦታ «ያስታውቅበታል» ወይም «ሁኔታው ያሳብቅበታል» የሚሉት ያንኑ ሐሳብ በጨዋ ቋንቋ ይገልጹታል።

የመጨረሻው «ለቀባሪው አረዱት» ነው። ይህ የሚነገረው ግልጽ ስለሆነው ነገር ሳይሆን፣ ግልጽ የሆነውን እንደ አዲስ ስለሚያወራ ሰው ነው፤ አፈሩን በእጁ የመለሰ ሰው ዘንድ መርዶ ይዞ እንደመሄድ ነው። ለእኩያ ሲነገር ተግሣጽ ይሆናል፤ ለታላቅ ፈጽሞ አይባልም። በሌላ በኩል ተናጋሪው ወደ ራሱ ሲያዞረው የአክብሮት መግቢያ ይሆናል። በሽምግልና ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ጉዳይ ከሥሩ ማንሳት ሲኖርብዎ፣ ከመቀመጫዎ ነሣ ብለው «አባቶቼ፣ ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እንጂ…» ብለው ይጀምሩ።