ከጅማ ሆኖ ለመድረክና ለፊልም ድርሰት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እንዴት ማመልከት ይቻላል

በጅማ የሚኖርና በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው፣ ፋርማሲስትም ይሁን የግብርና ባለሙያ ወይም የቋንቋ መምህር፣ ለመድረክና ለፊልም መጻፍን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ለመማር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማመልከቻ ቅጹ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር። ትራንስክሪፕት ሳስወጣና ማኅተም ሳስመታ ወራት ፈጀሁና ናሙና ድርሰቱን በሁለት ሳምንት ጽፌ ላክሁ፤ ያውም አሥራ አምስት ገጽ ለጠየቀ የትምህርት ክፍል አርባ ገጽ። መልሱን መገመት አያዳግትም። መምህራኑ አመልካቹን በዋናነት የሚመዝኑት በናሙና ድርሰቱ ስለሆነ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ መጻፍ መጀመር፣ የወረቀቱን ሥራ ደግሞ ከጎን ማስኬድ ይሻላል።

የሚያመለክቱበትን ቦታ ይወስኑ

በአገር ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ሲሰጥ የቆየ ሲሆን በፊልም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትም ከፍቷል። ለአገር ውስጥ ድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ሰው አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ፈተናው የቋንቋ፣ የስሌትና የአመክንዮ ችሎታን የሚለካ በመሆኑ ጥሩ ጸሐፊ መሆን ብቻውን አያሳልፍም።

በእንግሊዝ አገር ትምህርቱ በመደበኛ መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጀው አንድ ዓመት ሲሆን 180 የእንግሊዝ ክሬዲት ይይዛል፤ በመጨረሻም በመመረቂያ ጽሑፍ ፈንታ አንድ ረዘም ያለ ተውኔት ወይም የፊልም ጽሑፍ ስለ ሥራው ሂደት ከሚያትት ሐተታ ጋር የሚቀርብባቸው ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ኤም ኤፍ ኤ የሚባለው የጥበባት ሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይወስዳል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስተን የሚገኘው የሚችነር የደራሲያን ማዕከል ለምሳሌ የሦስት ዓመት ሲሆን፣ ተማሪው በሁለት ዘርፎች፣ ማለትም ከፈለገ በተውኔትና በፊልም ጽሑፍ እንዲሠራ ይጠይቃል፤ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፣ የመተዳደሪያ ድጎማም ይሰጣል። በእኔ አስተያየት ከዚህ በፊት አንድም ሥራው በተዋናይ አፍ ሲነገር ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ዓመት በጣም ያጥራል፤ ቋንቋውንና ብርዱን ሲለምድ ያልቅበታል።

ናሙናውን ይጻፉ

ለሁለቱም ዘርፍ የሚያመለክት ሰው ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ከመላክ ይልቅ አንዱን ታሪክ በሁለቱም መልክ ጽፎ እንዲፈትሽ እመክራለሁ፤ የሁለቱ ጥበባት ልዩነት በእጁ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ከከተማው ወጣ ባለ መንደር አንዲት መበለት ጀንፈሏን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡናዋን፣ በግቢዋ አስጥታለች። በረንዳው ላይ የሟች ባሏ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለ። ነጋዴው ጀንፈሉን ሊገዛ መጥቶ በርጩማው ላይ ሊቀመጥ ሲል «ጋሼ፣ እሱ ላይ አይቀመጡ፤ እግሩ ላልቷል» ትለዋለች። በርጩማው ግን ምንም አልሆነም። ይህ ትዕይንት ለመድረክ ሲጻፍ በርጩማው መጋረጃው ከተከፈተ ጀምሮ ተመልካቹ ፊት ነው፤ ማንም ዐይኑን ከዚያ ሊያነሣበት አይችልም። ስለዚህ ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት ልጇ እህል ሲያወርድ፣ ጎረቤቷ እሳት ልትጭር ስትገባ ሁለቱም በርጩማውን ዞረውት እንዲያልፉ ማድረግ ይቻላል፤ ውሸቷ ሲነገር ተመልካቹ ውሸት መሆኑን የሚያውቀው ማንም ሳይነግረው ነው። ለፊልም ሲጻፍ ግን ምስሉን የሚመርጠው ጸሐፊው ነው። ሴትዮዋ ማለዳ ተነሥታ ቤቱን ሳትጠርግ በርጩማውን ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል በቅርበት ማየት ይበቃል፤ ጎረቤቷም ልጇም አያስፈልጉም፤ ምናልባት ንግግሩም ሊወጣ ይችላል።

የአጻጻፍ ቅርጽን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው የሚባለው ልማድ በእንግሊዝኛ፣ በኩሪየር ፊደል፣ በ12 መጠን ለሚጻፍ ጽሑፍ የወጣ ነው። ኩሪየር የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በዚያ ላይ የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አፍኖ ስለሚይዝ፣ «አልነገርኩህም» የምትለዋ አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ አራት ቃል ስለምትሆን፣ የአማርኛው ገጽ ተነቦ ሲታይ ከአንድ ደቂቃ ያልፋል። በመሆኑም ርዝመቱን በገጽ ሳይሆን ድምፅን ከፍ አድርጎ እያነበቡ በሰዓት መለካት ያስፈልጋል።

ጅማ ውስጥ ለሚጻፍ ምልልስ ሌላም ጥያቄ አለ። በጅማው መርካቶ ቆሞ ያዳመጠ ሰው እንደሚያውቀው ሁለት ነጋዴዎች በአፋን ኦሮሞ ጀምረው ሒሳቡን በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ ሌላ ሰው ሲጠጋ ደግሞ ቋንቋውን ይቀይራሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ቋንቋ ደፍጥጦ መጻፍ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከተናጋሪው ስም ቀጥሎ «በአፋን ኦሮሞ» ብሎ ማመልከት፣ በመግቢያው ገጽም አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ መጻፍ ይበቃል። ቋንቋ የተቀየረበት ቅጽበት ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር የተደበቀበት ቅጽበት ነውና ለድራማው ጠቃሚ ነው።

በሰው አፍ ያሰሙት

ናሙናው ካለቀ በኋላ አምስት ስድስት ሰዎችን ቡና ይጥሩና ገጸ ባሕርያቱን አካፍለው ያስነብቡ። እርስዎ አያንብቡ፤ አይተውኑም፤ ከአንባቢዎቹ ጀርባ ተቀምጠው የአድማጮቹን ፊት ብቻ ይመልከቱ። ሰዎች ስልካቸውን ያነሡበትን መስመር፣ አንባቢው የተደናቀፈበትን ቃል፣ ሳይታሰብ የተሳቀበትን ቦታ ኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ። «እንዴት አያችሁት?» ብሎ መጠየቅ ግን አይጠቅምም፤ ቡናዎን የጠጣ እንግዳ «በጣም ቆንጆ ነው» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ይልቅስ «በርጩማው ለምን አልተነካም?» ብለው ቢጠይቁና ሦስት ሰው ሦስት የማይገናኝ መልስ ከሰጠ ትዕይንቱ እንደገና መጻፍ አለበት።

ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ

ወደ ውጭ የሚላከው ናሙና በእንግሊዝኛ ስለሚጠየቅ ጸሐፊው ራሱ ቢመልሰው ይመረጣል። ከላይ ባነሣነው ትዕይንት ሴትዮዋ ነጋዴውን ስታነጋግረው የቆየችው በእርስዎታ ነው፤ ዋጋው ላይ ሲያታልላት ግን «ውሰድ እንግዲህ፤ ውሰድና ሂድ» ትለዋለች። ለአማርኛ ተመልካች ሰውየው የተዋረደው በስድብ ሳይሆን ከእርስዎታ ወደ አንተታ በመውረዱ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ውርደቱ በትርጉም ይጠፋል። በግርጌ ማስታወሻ ማስረዳት ለመድረክ አይሆንም፤ በቃሉ ፈንታ ድርጊት መተካት ግን ይቻላል። አቦልና ቶናውን ቀድታለት ሳለ በረካውን ሳትቀዳ ሲኒውን ከፊቱ ብታነሣ፣ የቡናውን ሥርዓት ከትዕይንቱ መጀመሪያ የተከታተለ የሌላ አገር ተመልካችም ነገሩ ይገባዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ለውጥ ካደረግሁ በኋላ ወደ አማርኛው ተመልሼ እዚያም አስገብቼዋለሁ፤ ከቃሉ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

የዓላማ መግለጫውን በተመለከተ ከሕፃንነት ጀምሮ የነበረን የጥበብ ፍቅር መተረክ ቢቀር መልካም ነው። የጻፉትን፣ የጻፉት ላይ ያቃተዎትን፣ ያን ለመማር ያ ትምህርት ክፍል ለምን እንደተመረጠ በአንድ ገጽ ማስረዳት ይበቃል።

ወረቀትና ገንዘብ

የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ተመራቂ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ዕዳውን ማጠናቀቅ ስለሚኖርበት ይህን ለመጨረሻ ወር አያቆዩት። ስምዎ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ላይ በአንድ ዓይነት ሆሄያት መጻፉን ያረጋግጡ። አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለመፈተን አዲስ አበባ መሄድ ካለብዎ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት ይድረሱ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው።

ለእንግሊዝ አገር ትምህርት ኢትዮጵያውያን ከሚወዳደሩባቸው የነጻ ትምህርት ዕድሎች አንዱ ቼቭኒንግ ነው። ዕድሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ወይም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይም ያስገድዳል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ ላይ ተከፍቶ በመስከረም ማብቂያ አካባቢ ይዘጋል። የኮመንዌልዝ የነጻ ትምህርት ዕድል የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ ጊዜውን የሚያባክን ብዙ ነው፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች አይመለከተንም።

ናሙናዎ ካለፈ በኢንተርኔት ለቃለ መጠይቅ ሊጠሩ ይችላሉ። መብራት ቢጠፋ የሚያገለግል የተሞላ ስልክና የሞባይል ዳታ አዘጋጅተው፣ የናሙናውን የታተመ ቅጂ ከፊትዎ ያስቀምጡ። ይህ ታሪክ ለምን ተውኔት ሆነ፣ ለምንስ ፊልም አልሆነም የሚለው ጥያቄ ሊቀርብልዎ ስለሚችል በሁለቱም መልክ ጽፈው ያዩትን መናገር ነው። ከናሙናው አንድ ገጽ ይውጣ ቢባል የትኛውን እንደሚያወጡም ከዋዜማው ይወስኑ።