ዶቅማን ለጤና እንዴት እንብላው?

በጣና ዳርቻና በዘጌ ደን የሚበቅለው ዶቅማ ሲበስል ጥቁር ወይን የሚመስል ሀገር በቀል ፍሬ ሲሆን፣ ያ ደማቅ ወይን ጠጅ መልኩ የሚመጣው በወይን ልጣጭም ከሚገኘው አንቶሲያኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ልጣጩን ፈጽሞ አይጣሉት፤ ለአንጀት የሚጠቅመውም አሰር በብዛት ያለው እዚያው ነው።

ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ከገበያ ሲገዙ ቆዳው ያልፈነዳውንና የጠላ ጠረን ያላመጣውን እየነካኩ ይምረጡ፤ በዚያው ቀንም ይብሉት። ሐይቁ ቅርብ ነው ብለው በጣና ውኃ አይጠቡት፤ ያልታከመ ውኃ ተቅማጥ ያመጣልና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግመው ይለቅለቁት። ለሕፃናት ትን እንዳይላቸው በውስጡ ያለውን ዘር አውጥተው ይስጧቸው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጨምቆ ከመጠጣት ይልቅ ሳይጨምቀው በመጠኑ ቢበላ ይሻለዋል።