የቴሌቪዥን ኮሜዲን መድረክ ላይ ስታወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከሥራ መልስ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ እሄዳለሁ። ነርስ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ተሰባስበን ቴአትር እንሠራለን። ደሞዝ የለም፣ ሻይ አለ። ባለፈው ዓመት የሠራነው «ፎልቲ ታወርስ»ን ነበር።

ላላየው ሰው ባጭሩ ልንገረው። «ፎልቲ ታወርስ» ቢቢሲ በ1975 እና በ1979 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ያስተላለፈው ኮሜዲ ነው። በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው። የጻፉት ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ናቸው፤ ሁለቱም ተውነውበታል። ቦታው ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ያለ ትንሽ ሆቴል ነው። ባለቤቱ ባዝል እንግዳ ማየት አይወድም። ሚስቱን ሲቢልን ይፈራል። ከባርሴሎና በመጣው አስተናጋጅ በማኑኤል ላይ ይጮኻል። አገሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እኛ ሦስት ክፍል መርጠን ባንድ ምሽት አቀረብን። ብዙ አማተር ቡድኖችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሳችን ናቸው።

ፈቃድ ሳይገኝ ልምምድ መጀመር

ድርሰቱ ባለቤት አለው። እዚህ አገር የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተ በኋላም 70 ዓመት ይቆያል። አገር ቤትም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከሞት በኋላ 50 ዓመት ነው። «ትርፍ የለንም፣ መግቢያውም ነፃ ነው» ማለት አያድንም። ፈቃዱ በጽሑፍ እጃችሁ ሳይገባ ፖስተር አታሳትሙ። ቃለ ተውኔቱንም ከዩቲዩብ እየሰማችሁ አትገልብጡ። አንዲት ቃል ስትዘል ቀልዱ ይሞታል።

ጆን ክሊስን መቅዳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እኛም ስድስት ሳምንት አባክነንበታል።

የኛ ባዝል የቧንቧ ሠራተኛው ነበር። አጭር፣ ደንደን ያለ ሰው ነው። ክሊስ ደግሞ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። የኛ ሰው ግን ማታ ማታ ቪዲዮውን እያየ እግር አነሳሱን፣ ድምፁን፣ የዓይኑን ፍጥጥ ማለት ሁሉ አጠና። ልምምድ ላይ ሲያመጣው ማንም አልሳቀም። አለመመሳሰሉ አልነበረም ችግሩ። ተመልካቹ ሌላ ሰው እየታወሰው ከፊቱ ያለውን ሰው ማየት አቆመ።

አዘጋጃችን አንድ ነገር አደረገች። በየትዕይንቱ መግቢያ ላይ አስቁማው፣ «አሁን ምን እየደበቅክ ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች። መልሱን ሳይናገር አይቀጥልም። ባዝል ሁልጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው። በአንዱ ክፍል በፈረስ ውርርድ ያሸነፈውን ገንዘብ ከሚስቱ ይደብቃል። በሌላው ደግሞ የሆቴል ተቆጣጣሪዎች ከተማ ገብተዋል ሲባል ይሰማል። አንዱን ነዝናዛ እንግዳ ተቆጣጣሪ ነው ብሎ ያስባል። ለሰውዬው ጎንበስ ቀና ሲል ይቆይና የማንኪያ ሻጭ መሆኑን ይደርስበታል። የዋጠው ንዴት ሁሉ ያኔ ይገነፍላል።

ባዝል አንድም ጊዜ ለማሳቅ ብሎ አይናገርም። የጨነቀው ሰው ነው። ተዋናያችን ይሄ ሲገባው ድምፁ የራሱ ሆነ። ንዴቱ በጆሮው ጀመረ፤ ጆሮው ቀልቶ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ይታይ ነበር። ይሄንን ክሊስም አላደረገውም። ቪዲዮውን ማየት ከፈለጋችሁ ሚና ከመከፋፈሉ በፊት አንዴ እዩትና ዝጉት።

ሲቢልን ጨቅጫቃ ሚስት ብቻ ማድረግ

ሲቢልን የተጫወተችው ፕሩኔላ ስኬልስ ሥራውን ስትጀምር ክሊስን፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን ተጋቡ ብላ ጠይቃው ነበር ይባላል። እሱም የፈራው ጥያቄ ይሄው ነበር። የናንተም ሲቢል ይሄን ጥያቄ ትመልስ። ጽሑፉን ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት ሆቴሉን የምታቆመው እሷ ናት። እንግዶቹ ይወዷታል። ሒሳቡን ታውቃለች። ባሏን ስትጠራው ስሙ ብቻ ይበቃል፤ መጮኽ የለባትም።

አስተናጋጁን በቅላፄው መሳቂያ ማድረግ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሚና ሲከፋፈል አንድ የቡድኑ አባል ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማኑኤልን አንተ ሁን፤ ቅላፄው አለህ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ቅር አለኝ። በዚህ ቅላፄ ሥራ ለምኛለሁ፣ ሐኪም አነጋግሬአለሁ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አስመዝግቤአለሁ። ለሳቅ ላውለው አልፈለግሁም። መልስ ሳልሰጥ ቤቴ ገባሁና ጽሑፉን ከመጀመሪያው አነበብኩት።

የፈረሱ ውርርድ ክፍል ላይ ስደርስ ሐሳቤን ቀየርኩ። ሲቢል ባሏ ቁማር እንዳይጫወት ከልክላለች። ስለዚህ ባዝል ማኑኤልን ጠርቶ፣ ስለ ፈረሱ ከተጠየቀ «ምንም አላውቅም» እንዲል ያስጠናዋል። በስንት መከራ ይግባባሉ። በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ባዝል ገንዘቡ የራሱ መሆኑን የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል። ማኑኤልን ይጠራዋል። ማኑኤል ኮራ ብሎ፣ «ምንም አላውቅም» ይላል።

ማኑኤል ቃሉን ጠበቀ። የሚያስቀው ይሄ ነው። እዚያ ሆቴል ውስጥ በሙሉ ልቡ የሚያገለግል ሰው እሱ ነው። የሚሰማውን ቃል ሁሉ አምኖ ይሠራበታል። የተጣመመ ትእዛዝ የሚሰጠው ባዝል ነው። ተመልካቹ በባዝል ትዕግሥት ማጣት ይሳቅ። በስደተኛ አፍ ከሳቀ ግን ተዋናዩ ሥራውን አልሠራም።

ማኑኤልን በቴሌቪዥን የተጫወተው አንድሩ ሳክስ በ1930 በርሊን ነው የተወለደው። ቤተሰቡ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን ገባ። እንግሊዝኛን በልጅነቱ፣ በባዕድ አገር ነው የለመደው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ያንን ፊት ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ለመስማት የሚጥር ሰው ነው።

ስለዚህ ቅላፄውን አታወፍሩት። የተሰባበረው ቋንቋ በጽሑፉ ላይ ተቀምጧል። ስፔን ውስጥ ፊልሙ በስፓኒሽ ሲተረጎም ማኑኤልን ጣሊያናዊ አድርገውት ነበር፤ ቀልዱ ግን ቀጥሏል። የሚይዘው ነገር የሰውየው ትጋት ነው። እኔ ልምምድ ላይ የጠቀመኝ አንድ ዘዴ ነበር። ባዝል ሲናገር ከንፈሩን አያለሁ። ልክ እዚህ አገር በገባሁበት ዓመት እንደማደርገው። አዘጋጃችን «ይሄን እንዳትተወው» አለችኝ።

ካሜራው የሠራውን ሥራ መርሳት

ቴሌቪዥን ላይ እንግዳ መቀበያው፣ ምግብ ቤቱ፣ ፎቅ ያለው መኝታ ክፍል በዓይን ጥቅሻ ይቀያየራሉ። መድረክ ላይ ተዋናዩ በእግሩ ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ የ«ፎልቲ ታወርስ» ጽሑፍ በዘመኑ ከነበሩት ኮሜዲዎች እጥፍ ያህል ገጽ ነበረው። ፍጥነቱን ከዚህ ገምቱ።

ኦርጅናሉ ሦስት ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የኛ የመጀመሪያ ሙሉ ልምምድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጊዜው የት እንደሄደ ስናይ በር ላይ ነው። በወንበር ለይተን፣ «እዚህ ጋ በር አለ እንበል» እያልን ነበር የምንለማመደው። እውነተኛው በር ሲመጣ አንዱ ትሪ ይዞ እጀታ መያዝ አቃተው። ሌላው በሩ ወደ ተመልካች ስለሚከፈት ከኋላው ተሸሸገ። ባዝል በሩን በንዴት ሲዘጋ ግድግዳው በሙሉ ተንቀጠቀጠ።

ከመጀመሪያው ሳምንት ወለሉ ላይ በፕላስተር የእያንዳንዱን ክፍል ልክ አስምሩ። ሁለት እውነተኛ በሮች ከነፍሬማቸው አቁሙ። በሩ ወደ መድረኩ ጀርባ ይከፈት። ፍሬሙን ከኋላ በአሸዋ ከረጢት ያዙት። የእንግዳ መቀበያውን ባንኮኒ መሐል አድርጉት፤ ሁሉም ነገር እዚያ ስለሚመለስ። መኝታ ክፍሉን እኛ በግራ በኩል ሁለት ደረጃ ከፍ አድርገን ሠራነው፤ በቃ፣ መብራቱ ሲበራ ፎቅ ነው።

ዕቃ ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየት

በ«ጀርመኖቹ» ክፍል ባዝል ሙስ የሚባለውን የትልቅ አጋዘን ጭንቅላት ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ይሞክራል። ሲቢል ሆስፒታል ተኝታለች። መዶሻ ባነሳ ቁጥር እየደወለች፣ ሰቀልከው ወይ ትለዋለች። በኋላ ማኑኤል ከባንኮኒው ሥር ተደብቆ እንግሊዝኛውን ሲለማመድ፣ ሽማግሌው ሻለቃ አጋዘኑ የተናገረ ይመስላቸዋል። ጭንቅላቱ እንደ አንድ ተዋናይ ነው ማለት ነው።

የኛ ጭንቅላት የደረሰው ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ነው። በጋዜጣና በሙጫ የተሠራ፣ ቆንጆ ነገር ነበር። ቀንዱ ግን በአዳራሹ በር አላልፍ አለ። አንዱን ቀንድ ቆርጠን፣ ውስጥ ገብተን መልሰን ለጠፍነው። ከዚያ ደግሞ ምስማሩ ላይ በጣም ጥሩ ሆኖ ተቀመጠ። መውደቅ ሲገባው አይወድቅም። በመጨረሻ ከግድግዳው ጀርባ ሲባጎ አስረን፣ አንዲት ልጅ በምልክት እንድትስብ አደረግን። ይሄ ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት መሠራት ነበረበት። ስልኩም እንደዚያው ነው። ደወሉ ከተዋናዩ እጅ ጋር መግጠም ስላለበት፣ የሚያስጮኸው ሰው ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ይገኝ።

«ዝም ብለህ ምታው» ማለት

ባዝል ማኑኤልን በማንኪያም፣ በትሪም፣ በእጁም ይመታዋል። ቀልድ ስለሆነ አይጎዳም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሳክስ በአንዱ ቀረጻ ክሊስ በእውነተኛ የብረት መጥበሻ መትቶት ጭንቅላቱን ክፉኛ ታምሟል። በሌላው፣ ከወጥ ቤቱ እሳት በሚወጣበት ትዕይንት፣ ልብሱ እንዲጨስ የተቀባው ኬሚካል ክንዱን አቃጥሎታል። ያ ባለሙያ በሞላበት ስቱዲዮ ውስጥ ነው።

እኛ እያንዳንዱን ምት እንደ ውዝዋዜ ቆጥረን ተለማመድነው። ምቱ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነው ተመቺው ነው። እኔ ዓይኑን አይቼ አንገቴን ስሰብር ነው እጁ የሚወርደው። ድምፁን ከጀርባ ሌላ ሰው በጭብጨባ ያወጣዋል። ከመክፈቻው በፊት ሁሌ በዝግታ አንዴ፣ በሙሉ ፍጥነት አንዴ እንሞክረዋለን። የደከመው ሰው ካለ ያን ምሽት ምቱ ይቀራል።

የድሮውን ስድብ ሳይነጋገሩበት ማለፍ

በዚያው በ«ጀርመኖቹ» ክፍል ሻለቃው ስለ ጥቁር ሰዎች የሚናገረው ንግግር አለ። በ2020 ይሄው ክፍል ከአንድ የኢንተርኔት ማሳያ ለጥቂት ቀናት ወርዶ፣ ማስጠንቀቂያ ታክሎበት ተመልሷል። በ2024 ለንደን አፖሎ ቴአትር ላይ ሲወጣ ያ ንግግር አልገባም። እኛም በመጀመሪያው የንባብ ምሽት ተነጋገርንበት፤ እንዲወጣም ባለመብቶቹን ጠይቀን አስፈቀድን። ዋናው ነገር፣ ፊት ለፊት ሳትነጋገሩበት፣ እኔን መሰል ሰው ከተዋናዩ አጠገብ ቆሞ ያንን ንግግር እንዳይሰማ ነው።

ያለ ተመልካች ልምምድ ጨርሶ መክፈት

ሳቅ የልምምዱ አካል ነው። የቴሌቪዥኑ ሥራም ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነበር የሚቀረጸው። ሳቁን ጠብቆ ዝም የሚል ተዋናይ ያስጠላል። በሳቁ ላይ የሚናገር ደግሞ ቀጣዩን ቀልድ ይገድላል። ይሄን ባዶ አዳራሽ ውስጥ መማር አይቻልም።

እኛ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው አሥራ ሁለት ሰው ጠራን። ከጎረቤት፣ ከሥራ ቦታ፣ ሁለቱ ደግሞ እንግሊዝኛቸው ገና የሆነ የአገሬ ልጆች። ይስቃሉ ያልነው ቦታ ላይ ዝም አሉ። የስልኩ ትዕይንት ላይ ግን፣ ገና ደወሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ፣ አዳራሹ ፈረሰ። የኛ ባዝል መዶሻውን አንስቶ ነበር። አላወረደውም። እዚያው፣ አጋዘኑን በአንድ እጁ አቅፎ፣ ሳቁ እስኪበርድ ስልኩን እያየ ቆመ።