ጣት እዚህ፣ ጠቋሚው እዚያ፦ ለሊኑክስ የንክኪ ስክሪን ማስተካከያ እንዴት ይሠራል?

«አስቀምጥ» የሚለውን ስነካ ከጎኑ ያለውን «ሰርዝ» የሚጫን ስክሪን ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ጽሑፍ ካስጠፋብኝ በኋላ መፍትሔ ፍለጋ ገባሁ። ታዋቂው የማስተካከያ ፕሮግራም ኤክስኢንፑት ካሊብሬተር የተሰናዳው በሊኑክስ መስኮቶችን ለሚያሳየው ለቀድሞው ሥርዓት ለኤክስ ነው፤ እኔ ደግሞ በአዲሱ በዌይላንድ ላይ ነበርሁ። ስለዚህ የራሴን ለመጻፍ ተቀመጥሁ። ቋንቋው ፓይተን ቢሆን ይበቃል። ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው የሰው ጣት ስለሆነ የፍጥነት ጉዳይ አያሳስብም።

አንድም መስመር ከመጻፍዎ በፊት ጥሬውን ቁጥር ይዩ። የመሣሪያን ጥሬ ንባብ የሚያሳየውን ፕሮግራም ኢቪቴስትን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስጀምሩ፣ ስክሪንዎን ከዝርዝሩ ይምረጡና አራቱን ማዕዘናት ይንኩ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የአግድሙንና የቁመቱን ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ይነግርዎታል፤ ለምሳሌ ከ0 እስከ 4095። ጣትዎን ወደ ቀኝ ሲያንሸራትቱ የሚለዋወጠው የቁመቱ ቁጥር ከሆነ አይደንግጡ። ለዚህ የተለየ ኮድ አያስፈልግም፤ በኋላ የምናሰላው ማትሪክስ (የእርማት ቁጥሮች ሰንጠረዥ) ራሱ ያስተካክለዋል።

ቀጥሎ ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን መስኮት ከፍተው የመስቀል ምልክቶችን ይሳሉ። ጠርዝ ላይ አይሳሉ፣ እዚያ ንክኪ አስተማማኝ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ጠርዝ የስክሪኑን አንድ ስምንተኛ ያህል ይግቡ። ሦስት ነጥብ ለሒሳቡ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ እውነትም ይበቃል። ነገር ግን ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ያለ ቀሪ ስህተት ስለሚፈታ አንዱን ቢስቱ ስህተቱ አይታይም። እኔ አምስት እወስዳለሁ፦ አራት ወደ ማዕዘናቱ፣ አንድ መሀል። ከሒሳቡ በኋላ ከሌሎቹ ርቆ የቀረ ነጥብ ካለ ተጠቃሚው እንደገና እንዲነካ ይጠይቁት።

በእያንዳንዱ ንክኪ ብዙ ንባቦች ይመጣሉ። በተለይ በግፊት የሚሠራ ስክሪን ጣት ሲያርፍና ሲነሣ ይዘባርቃል። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ጥለው ከቀሩት በቅደም ተከተል መካከል ላይ የሚውለውን ቁጥር ይውሰዱ። አማካይ አይውሰዱ፤ አንድ የተሳሳተ ንባብ ይጎትተዋል። ንክኪው ሌላ መስኮት እንዳይደርስ መሣሪያውን ለፕሮግራምዎ ብቻ መያዝ ይቻላል፣ ነገር ግን ራሱን የሚዘጋበት የጊዜ ገደብ አስቀድመው ያብጁ። እኔ አላበጀሁም። ፕሮግራሙ ቀጥ አለ፣ ኪቦርድ አልነበረም፣ መፍትሔው ሶኬቱን መንቀል ሆነ።

አሁን ሒሳቡ። ጥሬውን ቁጥር ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ይለውጡ፤ ንክኪን ከከርነሉ ተቀብሎ የሚያስተናግደው ሊብኢንፑት የሚቀበለው እንዲህ ነው። የምንፈልጋቸው የማትሪክሱ ስድስት ቁጥሮች ናቸው፦ አዲሱ አግድም = ሀ × አግድም + ለ × ቁመት + ሐ፤ አዲሱ ቁመት = መ × አግድም + ሠ × ቁመት + ረ። በአምስት ነጥብ እነዚህን በሊስት ስኩዌርስ (የስህተቶቹን ካሬ ድምር በሚያሳንሰው ስልት) መፍታት ለፓይተን የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት ለነምፓይ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ሳምንት ያባከነብኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ንክኪውን የሚያነበው ከመስኮቱ ነበር። አስተካከልሁት፣ ግሩም ሆነ። ይበልጥ እንዲጠራ ብዬ ደገምሁት፣ ወደ ጥንቱ ስህተት ተመለሰ። ሦስተኛው ሠራ፣ አራተኛው ተበላሸ። ስክሪኑ ተሰብሯል ብዬ ገመዱን ሳይቀር ለውጫለሁ። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር፦ ለመስኮት የሚደርሰው ንክኪ በቀድሞው ማትሪክስ የታረመ ነው። የታረመውን ስለካ ቀሪ ስህተት የለም፤ ስለዚህ ምንም የማይለውጥ ማትሪክስ ይወጣል። እሱን በቀድሞው ቦታ ስጽፈው እርማቱን ራሴ አጠፋሁት ማለት ነው።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ ጥሬውን ቁጥር በቀጥታ ከከርነሉ ያንብቡ፣ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ወይ አዲሱን ማትሪክስ በቀድሞው ያባዙ። ማባዛቱን ከመረጡ አዲሱ በግራ፣ የቀድሞው በቀኝ ይሁን። ቅደም ተከተሉን ለመፈተን የቀድሞውን ስክሪኑን በ180 ዲግሪ የሚያዞረው «-1 0 1 0 -1 1» ያድርጉትና ጥቂት ወደ ቀኝ የሚገፋ እርማት ያባዙበት። ጠቋሚው ወደ ግራ ከሄደ ገልብጠዋል።

ስድስቱን ቁጥሮች በዩዴቭ (መሣሪያ ሲገናኝ ደንብ የሚያስፈጽመው የሊኑክስ ክፍል) ደንብ ፋይል ውስጥ የሊብኢንፑት ካሊብሬሽን ማትሪክስ አድርገው ይጻፉ። ደንቡን በመሣሪያው መለያ ይገድቡት፤ አለዚያ የሌላ ስክሪን ንክኪም ይዛባል። ሊብኢንፑት ይህን የሚያነበው መሣሪያው ሲገናኝ ስለሆነ ስክሪኑን ነቅለው ይሰኩ ወይም ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ። «አልሠራም» ከሚሉ አቤቱታዎች ብዙዎቹ እዚህ ያበቃሉ።

ኮዱን በክፍት ምንጭ ሲለቅቁ የፈቃድ ፋይል አይርሱ። ስህተት የሚያሳውቅ ሰው ሲመጣም የስክሪን ፎቶ አይጠይቁት፤ ንክኪውን በሊብኢንፑት መቅጃ ቀድቶ ይላክልዎ። ቅጂው የመሣሪያውን ትንሽና ትልቅ ዋጋ ከነንባቦቹ ስለሚይዝ የእሱ ስክሪን በእጅዎ ባይኖርም ችግሩን ጠረጴዛዎ ላይ ደግመው ያዩታል።