የድሮ የጀርመን ኮሜዲ ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር ለድሬ ተመልካች

ንጉሥ አስሮ «ወርቅ አውጣ» ስለሚለው አልኬሚስት የሚያወራ የጥቁርና ነጭ ዘመን ኮሜዲ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ግቢ ውስጥ ልታሳዩ ካሰባችሁ፣ ከፕሮጀክተሩ በፊት ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን የአማርኛ ትርጉም ጨርሱ። ሳቁ ያለው እዚያ ነው።

ጀርመኖቹ «ጎልድማኸር» ይሉታል። «ወርቅ ሠሪ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን የእኛ ሰው የጆሮ ጌጥ የሚሠራውን አንጥረኛ ያስባል፤ ለምን እንደታሰረም አይገባውም። መጀመሪያ ላይ «እርሳሱን ወርቅ አደርጋለሁ ባይ» በሉት፤ ከዚያ «አልኬሚስት» ይበቃል። ታሪኩ የቦትገር ከሆነ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1701 የጀርመኗ ሳክሶኒ ገዥ አውግስጦስ ይዞት ወርቅ ሲጠበቅበት በ1708 ነጭ ፖርሴሊን የሠራው ሰው፣ «የሲኒ ሸክላ» ብትሉ ወዲያው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው አጠራሩ ነው። በድሮው ጀርመንኛ ጌታ ዝቅተኛውን ፊት ለፊት «ኤር»፣ ማለትም «እሱ» እያለ ያናግራል። «እሱ ወርቁን መቼ ያወጣል?» ተብሎ ከተጻፈ ተመልካቹ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ «አንተ» በሉት። እስረኛው ንጉሡን «እርስዎ» ይበል። ዘበኛው እስረኛውን «አንተ» ሲለው ቆይቶ ወርቁ ደረሰ ሲባል አጠራሩን ካከበረ፣ ያንን ለውጥ አትዝለሉት፤ ቀልዱ ራሱ እሱ ነው።

በአንድ ጊዜ ከ2 መስመር፣ በመስመር ከ30 ፊደል አትለፉ። መሳቂያው ቃል ተዋናዩ ሳይናገረው ከታየ ሳቁ ይቀድማል፤ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት። የትርጉሙን ፋይል የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። የጥያቄ ምልክት ከመጣ አቀማመጡ ተበላሽቷል፣ ፊደሉም ጠፍቷል፤ ባዶ ሣጥን ከሆነ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ብቻ ነው። በሴኰንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ጽሑፍ በ25 ፍሬም ቅጂ ላይ እየዘገየ ይሄዳል፤ የ90 ደቂቃው ፊልም መጨረሻ ላይ መዘግየቱ 3 ደቂቃ ከ36 ሴኰንድ ይደርሳል። በፋይሉ ያሉትን የጽሑፉን መውጫና መጥፊያ ሰዓቶች ሁሉ በ0.96 አባዙ።

የእንዲህ ያለ የድሮ ፊልም ሥዕል 3 ሜትር ከሰፋ ቁመቱ 2.19 ሜትር ያህል ነው፤ የሚታይበትን ጨርቅ ለመሙላት ብላችሁ አትለጥጡት፣ ፊት ሁሉ ይሰፋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ድምፅ ማጉያው ከጨርቁ ሥር ይሁን። በድሬ ሙቀት የፕሮጀክተሩ መተንፈሻ ግድግዳ እንዳይነካ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና አብሩት።