«ምነው ከሳሽ?» ሲሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

በአንድ ዓመት ከስድስት ወር ውስጥ ከ104 ኪሎ ወደ 71 ወረድኩ። ሐኪሙ «ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው» ሲለኝ ደንግጬ ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ነገር ነው። ምግብ መቀነሱ ከበደኝ፣ ግን ተለመደ። በእግር መሄዱም ተለመደ። ያልተለመደው የሰው አፍ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቢሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይቀር ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነው እንዴ?» ይላሉ። እያለቀስኩ ቤቴ የገባሁባቸው ቀናት ነበሩ። አሁን ያ ነገር ቀንሶልኛል። ብዙ ኪሎ ቀንሳችሁ በዚህ የምትሰቃዩ ካላችሁ እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ንግግሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ «ከሳሽ» እንደ «ጠፋሽ» ያለ ነገር ነው፣ ግማሹ ሰላምታ ነው። «ወፈርሽ» ደግሞ ለብዙ ትልልቅ ሰዎች ምርቃት ነው፤ ተመችቶሻል፣ ቤትሽ ሞልቷል ማለታቸው ነው። ወንድ ቦርጭ ሲያወጣ «ተመቸው» ይባላል። መክሳት የዚህ ተቃራኒ ነው። ችግር ገብቷል፣ ትዳር ተናግቷል ወይም በሽታ አለ ማለት ነው። ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሰው የወንድሙ ልጅ ከስታ ስትመጣ ምን እንደሚታየው አስቡት። ከዚያ 1990ዎቹ መጡ። ያኔ ሰው ድንገት ከከሳ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ስለ አንድ በሽታ ብቻ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቱ ቤተሰብ የሚወደው ሰው ዓይኑ እያየ መንምኖ አልቆበታል።

ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ለገና ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ ስማኝ ስታበቃ እጄን አልለቀቀችም። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አንጓዬ ላይ ጠምጥማ አጋጠመቻቸው። ተገናኙ። «ይቺ ናት እጅሽ?» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንግዳ ሁሉ እያየን ነበር፤ በጣም ተናደድኩ፣ ዝም ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማታ ሰው ሲበተን፣ ሦስተኛው ቡና ላይ፣ በ77 ወሎ ውስጥ ታናሽ እህቷን እንደቀበረች ነገረችኝ። «እጇ እንዲህ ነበር» አለች። ስንት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አንስታው አታውቅም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የላብራቶሪ ወረቀቴ ነበር፤ አውጥቼ የድሮውን የስኳር ቁጥርና የአሁኑን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «እሺ፣ ደህና ነሽ» ያለችኝ።

ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ክሳታችሁ ሲናገር በልባችሁ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሁን፦ ይህ ሰው ፈርቶልኝ ነው ወይስ ወሬ ፈልጎ? መልሱ እንደዚያው ይለያያል።

የፈራ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ደህና መሆናችሁን መስማት ነው የሚፈልገው። ስለ ካሎሪና ስለ ዳይት ብታወሩለት ጭራሽ ይጨነቃል። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አላመመኝም። ተመርምሬ፣ ሐኪም መክሮኝ ነው የቀነስኩት» በሉት። ከሁሉ በፊት የሚመጣው «ደህና ነኝ» ይሁን፤ እኔ በመጀመሪያ «ኧረ ሆን ብዬ ነው!» እያልኩ በቁጣ ስጀምር ሰው የሚሰማው ቁጣዬን ነበር፣ «አዎ፣ የሆነ ነገር አለባት» ብሎ ይሄዳል። ከመለሳችሁ በኋላ ወዲያው ወደ እሱ ዙሩ። «እርስዎስ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?» ስትሉ ጨዋታው ይቀየራል።

ወሬ የሚፈልገውን ሰው መለየት አይከብድም። «ስንት ኪሎ ነሽ አሁን?» «ቆይ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?» «ከእሱ ጋር ተለያያችሁ እንዴ?» ይላል። እዚህ ላይ የሚያጠቃን ይሉኝታ ነው። ሰው ከጠየቀ መመለስ ግዴታ ይመስለናል። አይደለም። «ቀስ በቀስ ነው» ብላችሁ ማቆም ትችላላችሁ። ቆማችሁ ፈገግ በሉ፣ ዝምታውን አትሙሉት። ዝምታው ሲከብደኝ እኔ ነበርኩ ሁሉንም የምዘረግፈው፤ በማግስቱ የተናገርኩት ተቀባብቶ ይመለስልኛል። አሁን ሁለት ሦስት አጫጭር መልሶች አስቀድሜ አዘጋጅቼ ይዣለሁ፣ ማንም ቢጠይቅ እነሱኑ እደግማለሁ። መልሱ ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነ ጠያቂው ይሰለቻል።

ሥራ ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ወቅት አለቃዬ ስብሰባ መሀል «አንቺ እየጠፋሽ ነው፣ ወንበሩ ባዶ መሰለኝ እኮ» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ነገር ነው ሌሊቱን ያላስተኛኝ። በማግስቱ ቢሮው ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ «ስለ ሰውነቴ ሰው ፊት ባይነሳ ደስ ይለኛል። ስለ ሥራዬ ግን የፈለጉትን ይናገሩኝ» አልኩት። ደነገጠ፣ ይቅርታም ጠየቀ። እዚያው ስብሰባ ላይ ብናገረው ኖሮ ክብሩን ለማዳን ይከራከረኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለብቻ፣ ባጭሩ፣ በማግስቱ ተናገሩ። ሳምንት ከቆየ ቂም ይመስላል።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ፣ ምክንያቱም ክሳትን ያየ ዘመድ ሁሉ መድኃኒቱ ጉርሻ ነው ብሎ ያምናል። «አፈር ስሆን!» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ እኔም እምቢ በሉ አልላችሁም። አንዷን በደስታ ጉረሱ፣ «ጣፈጠኝ» በሉ፣ ከዚያ እናንተም መልሳችሁ አጉርሱ። ያጎረሳችሁት ሰው አፉ ስለሚሞላ ትንሽ እረፍት ታገኛላችሁ። ከተጋራችሁት ትሪ ላይ እንጀራውን በትንሽ በትንሹ ቁረሱ፣ ከጎመኑና ከአይቡ ጀምሩ፣ እያወራችሁ ብሉ። እጃችሁ ገበታው ላይ እስካለ ድረስ ማንም ልብ አይልም። ቶሎ አቁሞ እጅ መታጠብ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ለየብቻ ሳህን ከሆነ ደግሞ ጥርግ አታድርጉት፤ ባዶ ሳህን ይሞላል። ቤቱ የቅርብ ዘመድ ቤት ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ስመጣ ዶሮውን ቀነስ አድርጊልኝ» በሉ። በስልክ የተነገረ ነገር እንደ ንቀት አይቆጠርም።

ሳይጠበቅ የሚያመው ግን ስድቡ ሳይሆን አድናቆቱ ነው። «አሁን ገና ሰው መሰልሽ!» ይላሉ። ከልባቸው ነው የሚሉት። እኔ ግን 104 ኪሎ በነበርኩበት ጊዜ እናቴን ሁለት ዓመት አስታምሜአለሁ፣ ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ቤት ይዤ ኖሬአለሁ። ያቺ ሴት ሰው አልነበረችም ማለት ነው? ይህ ስሜት ከመጣባችሁ አትደንግጡ። «አመሰግናለሁ፤ ያኔም እኔው ነበርኩ» ማለት ይበቃል። ለቅርብ ጓደኞቻችሁ ደግሞ ምን ቢሏችሁ ደስ እንደሚላችሁ ንገሯቸው። እኔ «ደረጃ ስትወጪ አሁን አትቆሚም» ስባል ደስ ይለኛል። እውነት ነዋ፣ አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ።

ከዚህ የባሰም አለ። አጠገባችሁ ያለችውን ወፍራም ጓደኛችሁን በእናንተ ይመቷታል። «እሷን እያት! አንቺስ መቼ ነው?» ይላሉ። እዚህ ላይ ዝም አትበሉ። ተናጋሪዋ ትልቅ ሰው ከሆኑ በአክብሮት፣ «እትዬ፣ እሷን ይተዉአት፤ እኔን ሐኪም አዞኝ ነው» በሉ። ማታ ለጓደኛችሁ ደውሉ። እኔ ሳልደውል የቀረሁበት ጊዜ አለ፤ ከዚያች ልጅ ጋር ለመታረቅ ወራት ፈጀብኝ።

ወንዶች የሚሰሙት ሌላ ነው። ወንድሜ አሥራ ስምንት ኪሎ ሲቀንስ «ሚስትህ አታበላህም እንዴ?» ነበር ዜማው። ቃሉ የሚያርፈው ሚስቱ ላይ ነው፣ እሷ በሌለችበት እንኳ። እሱ «ያዳነችኝ እሷ ናት፣ ግፊቴ የወረደው በእሷ ምግብ ነው» እያለ ይመልሳል። አዲስ ያገባች ሴት ስትከሳ ባሏ ይታማል፣ ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ስትከሳ አሠሪዎቿ ይታማሉ። አብሯችሁ የሚታማ ሰው ካለ መልሳችሁ እሱንም ይሸፍን።

ስለ ፊትና ስለ ፀጉርም መናገር አለብኝ፣ «አረጀሽ» የሚባለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ፊት ላይ ያለው ስብ ሲቀንስ መስመሮች ይወጣሉ፣ ክንድና ሆድ ላይ ቆዳ ይንጠለጠላል። ብዙ ኪሎ በፍጥነት ከቀነሰ ደግሞ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፀጉር መርገፍ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። እኔ ማበጠሪያዬ ላይ ያየሁት ፀጉር አስለቅሶኛል፣ ተመለሰ ግን። ሌላው፣ «ተመልሰሽ መወፈርሽ አይቀርም» የሚሉ አሉ። ክብደት ሲቀንስ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል፣ ረሃብ የሚያመጣው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይጨምራል። ስለዚህ ከበፊቱ ይበልጥ መራባችሁ የስንፍና ምልክት አይደለም። ሁለት ኪሎ ብትጨምሩም ለማንም ሪፖርት አታቀርቡም።

ውጭ አገር ያሉት ዘመዶቼ ዘንድ ጥያቄው አንድ ሆኗል፦ «መርፌ ነው?» ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ሰርግ በሄደች ቁጥር ትጠየቃለች። በአሜሪካ ሴማግሉታይድ የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ የስኳር መድኃኒት ለክብደት መቀነሻ የተፈቀደው በ2021 በፈረንጆች ነው፤ ከዚያ ወዲህ የከሳ ሁሉ ይጠረጠራል፣ የተጠቀመም «ያለ ድካም ነው» ተብሎ ይናቃል። መድኃኒት መውሰድ ነውር አይደለም፣ ማጭበርበርም አይደለም። ቢሆንም የሕክምና ጉዳይ ነው፣ ለሰርግ ጠረጴዛ አይነገርም። እሷ «ከሐኪሜ ጋር የተነጋገርነው ነው» ብላ ትዘጋዋለች። «ለእኔም ስጪኝ» ለሚሉ ግን ቁርጥ ያለ እምቢ ያስፈልጋል፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ። ሳታስቡት፣ ምንም ሳትቀይሩ የከሳችሁ ከሆነ የሰዎቹን ጥያቄ አትግፉት። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ምክንያት ከክብደታችሁ 5 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ፣ ድብርትም ሊሆን ይችላል። ምግብ ፈርታችሁ መብላት ያቃታችሁም ከሆናችሁ እንደዚሁ።

ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ጥንቃቄ አይከፋም። የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሰው ሁሉ እኔን እያዞረ ሲያይና ሲያደንቅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ማታ ሳህኗን ገፋ አድርጋ «እኔም እንዳንቺ ልሁን» አለችኝ። አጠገቤ አስቀምጬ፣ እኔ የቀነስኩት ስኳር ሊይዘኝ ስለነበር እንደሆነ፣ የእሷ ሰውነት ገና እያደገ ስለሆነ ምግብ እንደሚያስፈልገው ነገርኳት። አብረን በላን። ከዚያ ወዲህ ልጆች ካሉ ስለ ኪሎ አላወራም፤ ሰው ካነሳውም «ቡናው ደረሰ ወይ?» ብዬ ተነስቼ ሲኒ አቀርባለሁ።