የዳሌ ሕመምን በፊዚዮቴራፒ እንዴት ማስታገስ ይቻላል፦ ሊፍት ለሌለን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ የምወጣበት ቀን ብዙ ነው። አምና በግራ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ፋታ ያገኘሁት ፊዚዮቴራፒስቷ ባሳየችኝ እንቅስቃሴ ነው።

መጀመሪያ የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያግኙት። ብሽሽት ላይ ከሆነ መገጣጠሚያው ራሱ ሊሆን ይችላል። ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ መነሻው ወገብ ነው። ከጎን በኩል፣ የሱሪ ኪስ አካባቢ ጎላ ያለው አጥንት ላይ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የታመመው የመቀመጫ ጡንቻዎችን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆነ ሴቶች ላይ ይበዛል። የኔም እሱ ነበር፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ወድቀው መርገጥ ካቃተዎት፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ግን ቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቲቢ የዳሌ መገጣጠሚያንም ይይዛል፤ እሱ ደግሞ በማሸት አይድንም።

ቀጥሎ ጅማቱን እረፍት የሚነሳውን ነገር ይቀንሱ። እግር አነባብሮ መቀመጥ ይቅር። ቡና ሲፈላ በርጩማውን ትተው ከፍ ያለ ወንበር ይሳቡ። (ጎረቤቶቼ «አረጀሽ እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ።) የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ እግር ተደግፈው አይቁሙ። ማታ በጤነኛው ጎን ተኝተው በጉልበቶችዎ መሃል ትራስ ያድርጉ።

ጀሪካኑን በሚያመው ዳሌ በኩል ባለው እጅ ይያዙ። በተቃራኒው እጅ ከያዙት፣ የታመመው ጡንቻ ሚዛን ለመጠበቅ የበለጠ ይለፋል። ከዘራ ግን በጤነኛው በኩል ነው የሚያዘው። እኔ ሁለቱንም ገልብጬ ነበር የምይዘው! ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። ምንጣፍ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። ከጉልበት ከፍ ብሎ ሁለቱን ጭኖች በመቀነት ሸብ ያድርጉ፤ እግሮችዎ ትንሽ ተራርቀው ይሁኑ። መቀነቱን ወደ ውጭ ቀስ ብለው ይግፉ፤ 20 ሰከንድ ያህል ይያዙ፤ 5 ጊዜ ይድገሙ። እግርዎ ሳይንቀሳቀስ ጡንቻው ይሠራል፤ ብዙ ሰው ሕመሙ ቀለል ይለዋል። ከዚያ መቀመጫዎን ከምንጣፉ አንስተው 5 ሰከንድ ቆይተው ይውረዱ። 10 ጊዜ ይበቃል።

እነዚህ ሲቀልሉ ደረጃው ራሱ መሣሪያ ይሆናል። የብረት መደገፊያውን ይዘው የሚያመውን እግር አንድ ደረጃ ላይ ያድርጉ፤ በእሱ ኃይል ይነሱ፤ ሦስት እየቆጠሩ ይውረዱ። ዋናው ነገር ዳሌዎ ወደ ሌላኛው ጎን እንዳይወድቅ ነው። እኔ ቀጥ ብዬ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ ከኋላዬ በስልክ ስትቀርጸኝ ቀሚሴ በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ አየሁት።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል? ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቢለኩት እስከ 3 ያህሉ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ። ካልተመለሰ የሚደግሙትን ብዛት በግማሽ ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አይተዉት።

ጅማት ቶሎ አይጠነክርም፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብዬ አቁሜ እንደገና ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ከኛ ሰፈር በሳምንት ሦስቴ ከተማ መመላለስ ስለማይታሰብ፣ ቤት የሚሠራ ፕሮግራም እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። በቀጠሮዎ ቀን ደረጃ ሲወጡ የተቀረጹትን ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ፤ በቃል ከሚያስረዱት ይልቅ እሱን አይተው ቶሎ ያርሙዎታል።